እማማ አክሲዮን

ሰኞ

ዛሬም ቀረጹኝ። ልጄ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጦኝ ወንበሩን ወዲህ ወዲያ ሲገፋ ቆየ፤ ብርሃኑ የፊቴን መስመር አንድ በአንድ እንዲያወጣለት ነው። ሌላው ሰው እናቱን አሳምሮ ያነሳል፣ የኔው አስረጅቶ። ከስልኩ በላይ በትልልቅ ፊደል የጻፈበትን ካርቶን ይዞልኝ አነበብኩ።

«ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። የተማርኩትም ሁለተኛ ማንም እንዳያታልለኝ ብዬ ነው። ይህን ኩባንያ አንብቤ አመንኩት። የቀብሬን ገንዘብ አስገብቼበታለሁ።»

የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውም እውነት ነው፤ ባሌ ሲሞት ወንድሞቹ ጣቴን ቀለም ነክረው አንድ ወረቀት ላይ አስጫኑኝ፣ ለካ ቤቴን ነው ያስፈረሙኝ። ኩባንያውን ግን አላነበብኩትም። የጨው ሐይቅ አለው ይላሉ፣ ከጨዉ ለባትሪ የሚሆን ማዕድን ያወጣል ይላሉ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ከአንድ ዳቦ ያንሳል። የቀብሬን ገንዘብ ባለፈው ሳምንት አስገባልኝ ብዬ ለልጄ ሰጥቼዋለሁ። ስለዚህ አልዋሸሁም።

የልጄ ሸሪክ አጨበጨበልኝ። ይህ ልጅ «መቶ በመቶ» ሳይል አፉን አይዘጋም። «እማማ፣ መቶ በመቶ ሰው ልብ ውስጥ ገብተዋል» አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ ስሙ መቶ በመቶ ነው።

ረቡዕ

የማታ ትምህርት ቤት መምህርቷ በየቀኑ ትንሽ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ጥሏችሁ ይሄዳል ብላናለች። ልጻፍ እንግዲህ።

ዳቦ ቤት ወረፋ ይዤ አንድ ጎረምሳ «እማማ አክሲዮን፣ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ለካ ስም ወጥቶልኛል። ዳቦ ሻጯም ተራዬ ሳይደርስ አስቀደመችኝና በጆሮዬ «አሁንም ይገዛል ወይስ አለፈበት?» ብላ ጠየቀችኝ። አርባ ዓመት የሰው ሱሪ ስጠግን አንድ ሰው አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም፣ «መቼ ይደርሳል» ካልሆነ በስተቀር።

ነገሩን አልወደድኩትም። ሻሌን አስተካክዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ

ልጄ ሥራውን አስረዳኝ። ማንም የማያውቀው ትንሽ ኩባንያ ይፈልጋሉ። አክሲዮኑ ርካሽ ሳለ ቀድመው ይገዛሉ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ለሰው ያስተዋውቃሉ፤ ሰው ሲገዛ ዋጋው ይወጣል።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ ሁሉም ያተርፋል፣ እማዬ።»

«ሁሉም ካተረፈ የሚከስረው ማነው?»

«አንቺ ደግሞ የሱሪ ሂሳብ ታመጫለሽ» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ አባቱን ይመስላል። ሥራ ካጣ ስንት ጊዜው ነው። ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ የኔ ዓይን የፈሰሰበት፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። አሁን እንኳ በጠዋት ተነስቶ ይታጠባል፤ ሸሚዙን ይተኩሳል። ይኼን ልከልክለው?

ማክሰኞ

ዛሬ ካርቶኑን ሳልደናቀፍ ጨረስኩት። በራሴ ደስ አለኝ። ልጄና መቶ በመቶ ተያዩ።

«እማዬ፣ እንደገና እንበለው። ‹ማዕድን› የሚለው ጋ ስትደርሺ ትንሽ ተደናቀፊ።»

«ለምን?»

«ሰው የሚወደው እሱን ነው። ቀስ ብለሽ ስታነቢ የምትዋሺ አትመስዪም።»

ያን መደናቀፍ ለማጥፋት ሁለት ክረምት በጭቃ ማታ ማታ ሄጃለሁ። ልጆቼ የሚሆኑ ሰዎች ፊት ሰሌዳ ላይ ወጥቼ አፍሬያለሁ። ተደናቀፍኩለት። አልሆነም፣ «አበዛሽው» አለኝ። እንደገና። «አሁን አነሰ።» ልጄ መደናቀፍ ሲያስተምረኝ ዋለ።

እሑድ

አጣቢዋ መጣች። የማታ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ነበርን። ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ዕድሜዋን ሁሉ አንሶላ ስታጥብ ኖራ፣ ዘንድሮ በቃኝ ብላ ወጥታለች፤ በቆጠበችው ሁለት ማጠቢያ ማሽን ገዝታ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያለውን ሱቅ ልትከራይ ነው። ልጅ የላት፣ ባል የላት። ያ ገንዘብ ነው ያላት።

«ደጅሽ በቀጠሮ ሆነ አሉ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ላንቺ ክፍት ነው።»

«ካርቶኑን ማነው የሚይዝልሽ?»

«የምን ካርቶን?»

«እኔ ላይ ነው? ዓይንሽ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ እንሽላሊት ሲሮጥ እኔ አላውቅም? አንድ ወንበር ላይ አይደል ያረጀነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሌላውን ተይውና፣ የቀብርሽን ገንዘብ እውነት አስገባሽ?»

«አስገባሁ።»

«ሙች በይ።»

«ልጄ ይሙት።»

የመሐረቧን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «አንቺ ካስገባሽ እኔም የማሽኑን ላስገባ። ትንሽ ቢወልድልኝ ሦስተኛ ማሽን እጨምራለሁ» አለች።

«ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ» አልኳት። ብያታለሁ። ይኼው ጽፌዋለሁ፣ ብያታለሁ።

«ያንቺስ ላም የት ነው ያለችው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ሐሙስ

ዋጋው ወጣ። አጣቢዋ ደውላ አነበበችልኝ፣ እኔ ቁጥሩ ላይ እስክደርስ እሷ ቀድማ። ሁልጊዜ እንዲህ ናት። መምህርቷም ሰሌዳ ላይ የምታወጣው እሷን ነበር፤ እኔን «ጎበዝ፣ ቀስ ብለሽ» ትለኝ ነበር። ከአስተማሪ አፍ እንደዚያ ያለ ስድብ የለም።

ልጄ አዲስ ጫማ ገዛልኝ። ይጠበኛል። አልነገርኩትም።

ሰኞ

ሰዎች ስለኔ የሚጽፉትን አነባለሁ። «እኚህን እናት እያየሁ ገዛሁ።» «እሳቸው ካነበቡት እኔ ምን ቤት ነኝ።» አንዷ የእናቷን መድኃኒት ገንዘብ እንዳስገባች ጽፋለች፣ ከሥሩ የሳቅ ምልክት አለ። ለምን እንደሳቀች አልገባኝም።

ወገቤን አሞኛል። ዝናብ ሊጥል ነው መሰለኝ።

ዓርብ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ከግድግዳው ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። የተኛሁ መስሏቸዋል፤ በቀን መተኛት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

«ሐሙስ ጠዋት ሁሉን ሸጠን እንወጣለን» አለ መቶ በመቶ። «ረቡዕ አሮጊቷ አትሽጡ ትበል። ሰው ቀድሞን ከሸጠ እኛ ለማን እንሸጣለን?»

«እናቴን አሮጊቷ አትበላት» አለ ልጄ።

«እሺ፣ እናትህ ትበል።»

የልጄን መልስ ጠበቅሁ። ሻይ ሲቀዳ ሰማሁ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። እኔ ስለ ገበያ ምን አውቃለሁ። ሱሪ ጠጋኝ ነኝ።

ቅዳሜ

የቀብሬስ ገንዘብ ብዬ ጠየቅሁት። እሱም ሐሙስ ይሸጥልኝ ብዬ ነው። በቃ፣ ገብቶኝ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ልጄ አቀፈኝ። «ያንቺንማ መች አስገባሁት፣ እማዬ? አብጃለሁ እንዴ?» አለና ከመሳቢያው ፖስታውን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። የሰጠሁት እንደ ሰጠሁት ነው፤ የቋጠርኩበት ጨርቅ እንኳ አልተፈታም።

ደስ አለኝ። ማንም አያነበውምና ልጻፈው፤ ጨርቁን ሳምኩት። ልጄ ይወደኛል። ፍራሹ ሥር ካስገባሁት በኋላ ነው ሌላው የመጣብኝ። እናቱን የማያስገባበት ነገር ምንድነው?

እሑድ

ለአጣቢዋ ልንገራት?

ብነግራት አፏ አያርፍም። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆማ የምታወራ ሴት ናት፤ ከእሷ አፍ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ ፖሊስ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ደግሞ ምናልባት ዋጋው አይወርድም። ደግሞ በግድ ግዢ አላልኳትም፣ እንዲያውም ብያታለሁ፣ የሰማይ ላም ብያታለሁ።

ደግሞስ ሁልጊዜ ከኔ ቀድማ የምታነበው እሷ አይደለችም? ታንብበዋ።

የላይኛውን መስመር ልሰርዘው ነበር። ስርዝ ድልዝ ያስጠላኛል። ይቅር።

ረቡዕ

ቀረጹኝ። «አትሽጡ። እኔ አልሸጥኩም። የሚሮጥ ይወድቃል፣ የታገሠ ይበላል።» የመጨረሻዋ ካርቶኑ ላይ አልነበረችም፣ ከራሴ ጨመርኳት። መቶ በመቶ «ይቺማ መቶ በመቶ ወርቅ ናት» አለ። ለምን እንደጨመርኳት አላውቅም። አፌ ለምዶታል መሰለኝ።

አላስፈለገኝም መደናቀፍ። ራሱ መጣ።

ወዲያው አጣቢዋ ደወለች።

«አየሁሽ። አምሮብሻል፣ ሻሉ ግን ለጠላትሽም አይሁን።»

«እሺ።»

«ስሚኝ፣ የሱቁንም ኪራይ ልጨምርበት ነው። አከራዩ እስከ ወር መጨረሻ ይጠብቀኛል። ምን ትያለሽ?»

ልጄ ጠረጴዛው ላይ ሽቦ ይጠቀልላል። ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ ጆሮው ግን ቆሟል።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት።

«አንቺማ ታውቂያለሽ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ያንቺን አልሸጥሽም አይደል?»

«አልሸጥኩም» አልኳት።

እውነት ነው። የሌለውን ማን ይሸጣል።

ሐሙስ

ዋጋው ጠዋት ወጣ። ወደ ቀትር ቀጥ አለ። ከዚያ ወረደ። ልጄ ቁርስ አልበላም። መቶ በመቶ ሦስት ስልክ ይዞ ቆሞ ነው የዋለው። ሲስቁ ሰማሁ፤ አንዱ ሳቅ የልጄ አይደለም፣ አንዱ ግን የሱ ነው።

ስልኬ ይጮኻል። አላነሳሁም።

ዓርብ

ከዳቦ ያንስ ነበር። አሁን ከክብሪት እንጨት ያንሳል።

ማክሰኞ

መቶ በመቶ ጠፋ። ስልኮቹ አይሠሩም፤ የልጄንም ድርሻ ይዞ ነው የሄደው። ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ሌባ ሌባን ቢሰርቀው ይባል የለ፣ ተረቱን ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። ራሱን ዳሰስኩት። ሙቀት አለው።

«ልጄ፣ የሰዎቹ ገንዘብ ይመለሳል?»

«የትኞቹ ሰዎች?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እሱ አንዳቸውንም አያውቅም። የሚያውቁት እኔን ነው።

ቅዳሜ

ልጄ ነገሩ እስኪበርድ ብሎ ሌላ ከተማ ሄደ። ሸሚዞቹን ተኩሼ ሰጠሁት። በር ላይ ሳይስመኝ ሊወጣ ሲል ተመልሶ «እማዬ፣ የሚጽፉብሽን አታንቢ» አለ። መሃይም በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ቢለኝ ይሻል ነበር።

አነበብኩት። ሁሉንም። ቀስ ብዬ ስለማነብ እያንዳንዱ ስድብ ፊደል በፊደል ነው የሚገባው። «ያሳደገችው ጡቷ ይቆረጥ» የሚለውን ለመጨረስ ትንሽ ቆየሁ፣ ጽሑፉ ጎርባጣ ነበር። የእናቷን መድኃኒት ገንዘብ ያስገባችው ልጅ ዛሬም ጽፋለች። ዛሬ የሳቅ ምልክት የለውም።

በመካከል አንድ ረጅም አለ፣ «እኚህን ሴት አትሳደቡ። አውቃቸዋለሁ። የቀብራቸውን ገንዘብ ነው የተበሉት። ከናንተ ይልቅ የሳቸው ያሳዝናል። እናት የላችሁም?» ይላል።

አጻጻፉን አወቅሁት። ነጥብ በቦታው፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት። ከክፍላችን እንዲህ የምትጽፍ አንድ ሴት ብቻ ናት።

ስልኩን ፊቱን ደፍቼ አስቀመጥኩት።

ረቡዕ

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። በር ሲንኳኳ መብራት አጠፋለሁ። ዳቦ የምገዛው ከሩቅ ሰፈር ነው፤ እዚያም ሻሌን እስከ አፍንጫዬ እከናነባለሁ።

ዓርብ ማታ

አጣቢዋ መጣች። ከማጥፋቴ በፊት መብራቱን አይታለች። በር ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ትመታኛለች ብዬ ነበር። ቢሆን ደስ ባለኝ።

«ከሳሽ እኮ» አለችኝ።

ገባችና አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ልክ ፖስታው ያለበት ላይ። ወንበር አለ፣ ወንበር ላይ ተቀመጪ ልላት ፈለግሁ፣ ምን ብዬ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ እኔ ነኝ» አለች። «ማሽኖቹን ነጋዴው ለሌላ ሸጣቸው። ሱቁም ተከራየ፣ ሥጋ ቤት ሊሆን ነው። ትናንት ሄጄ ቆሜ አየሁት። እንደ ሞኝ።»

«አንቺ ሞኝ አይደለሽም።»

«አንቺስ? ልጅሽንም አታለሉት፣ አንቺንም አስበሉሽ። ጥሎሽ ሄደ አሉ። እኔ እንኳ ብቻዬን ነው የከሰርኩት፣ አንቺ ልጅሽንም ጨምረሽ።»

አሁን ነው አልኩ በልቤ። አሁን ተነሽ ልበላት፣ ፍራሹን ላንሳ፣ ይኼን ውሰጂ ልበላት። ሱቅ አይከራይም፣ ማሽን አይገዛም፣ ግን የሆነ ነገር ነው። ከየት አመጣሽው ብትለኝስ? ጨርቁን ታውቀዋለች፣ ስቋጥረው አጠገቤ ነበረች። ያኔ ሁሉን ታውቃለች። ሐሙስን፣ ረቡዕን፣ ስልኩን። እና ማን ይቀረኛል?

እንዲህ እያልኩ ሳስብ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። «አታልቅሺ» አለችኝ። እያለቀስኩ መሆኔን አላወቅሁም ነበር።

«ስሚኝ፣ ሆቴሉ መልሶ ወስዶኛል። ከድሮው ባነሰ ነው፤ ኃላፊዋ ‹ንግሥት ሆነሽ ሄደሽ ነበር› እያለች ነው ያስገባችኝ። አንሶላ የሚያጥፍ ሰው ጎድሏቸዋል። ማጠፍ ጥንካሬ አይፈልግም፣ ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው። ነይ።»

«እኔ ይኼን ወገብ ይዤ?»

«ወገብሽን እዚህ ተኝተሽ ማን ይጠግንልሻል? ደግሞ የቀብርሽን እንደገና መጀመር አለብሽ። ያለዚያ ማን ይቀብርሻል? እኔው ነኝ። እኔ ደግሞ አሁን ጉድጓድ መቆፈሪያም የለኝ።»

ራሷ በቀልዷ ሳቀች። ስትነሳ አልጋው ላይ የተቀመጠችበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ቀረ።

ሰኞ

ሄድኩ። ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም፣ ሙቀቱ የሰው ትንፋሽ ይመስላል። አንሶላው ከማድረቂያው ሲወጣ እጅ ያቃጥላል። እሷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ እኔ ሁለቱን። እንወጥረዋለን፣ እናጥፈዋለን፣ ከዚያ እሷ ወደኔ ትመጣና ጫፉን ከጫፍ ታገጥማለች። ፊቷ እስከ ፊቴ ድረስ ይመጣል። ከዚያ ትመለሳለች፣ ሌላ አንሶላ። ቀኑን ሙሉ ስትመጣና ስትመለስ።

«አትልቀቂው፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ» ትለኛለች።

ኃላፊዋ «እህትማማቾች ናችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«አይ፣ ባንድ ቀን የከሰርን ነን» አለች አጣቢዋ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ቅዳሜ

የመጀመሪያው ደመወዝ። ከምድር ቤቱ ወጥተን ግድግዳው ሥር ተቀመጥን። ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። አጣቢዋ የሷን ቆጠረች፣ ትንሽ ለየችና መሐረቧ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

«ይኼ ያንቺ ነው» አለች።

«የምን?»

«የቀብርሽ። አንቺ ወገብሽ አይፈቅድልሽም፣ ዛሬ ትሠሪያለሽ ነገ ትተኛለሽ። እኔ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ላስቀምጥልሽ። የተበላብሽን ያህል ሲሞላ ትወስጃለሽ። ስንት ነበር?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፊቷ እንደ አንሶላው ቅርብ ነበር። እጆቿ ከሙቀቱ ብዛት ቆዳቸው ተልጧል።

ስንት እንደነበር ነገርኳት።

«አይዞሽ፣ እንደርስበታለን» አለች።

እሺ አልኳት።